«ይነዘንዙኛል» ስትል ምን ማለቷ ነበር?



በዚህ እትም ስለ ፊደል ገበታ ልጽፍ አስቤ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ እኔው ራሴ የሠራሁት ስህተት ነው። ስህተቱ የአንድ ቃል ስህተት ነው፤ ግን አንዲት ተማሪያችንን ሁለት ወር አስከፍሏታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ቃሉን ላስተካክል። ቃሉን ለማስተካከል ስነሳ ደግሞ ታሪኩ ጎንደር ድረስ ወሰደኝና መልሶ እዚሁ ኒው ዌስት አመጣኝ። መንገዱን አብራችሁኝ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን «በደች የምታውቁትን፣ በአማርኛ ግን ያላገኛችሁትን ቃል አምጡ» እንላቸዋለን። አንዱ «ለከር» ይላል፣ ሌላው «ኸዜሊኽ» ይላል፣ እየተሳሳቅን አማርኛውን እንፈልጋለን። አንድ ቀን አንዲት ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ እጇን አውጥታ «ፔስተንስ?» አለች። እኔም ብዙ ሳላስብ ሰሌዳው ላይ «ፔስተን = መነዝነዝ» ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ፣ ደወል ተደወለ፣ ሄድን።

ከሁለት ወር በኋላ የልጅቷ አባት ከክፍል በኋላ ቆይተው አናገሩኝ። ልጃቸው እራት ላይ በየጊዜው «አባዬ፣ ትምህርት ቤት ይነዘንዙኛል» ትላቸው ነበር። እሳቸውም እንደ ማንኛችንም ቃሉን በሚያውቁት መንገድ ሰሙት፦ ልጆቹ እርሳስ ስጪን፣ ብስኩት አካፍይን፣ አብረሽን ተጫወቺ እያሉ ያሰለቿታል ማለት ነው። «ተያቸው፣ ዝም ስትያቸው ይተዉሻል» ብለው መለሱላት። እሷም ተወች፤ ዝም አለች። በኋላ የምትማርበት ትምህርት ቤት መምህርት ስልክ ደውላ፣ ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ገብታ እንደምትቆይና ሦስት ልጆች በየቀኑ እየተከተሉ በፀጉሯና በስሟ እንደሚያሾፉባት ነገረቻቸው።

አባትየው አልተቆጡኝም። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ እኮ ነግራኛለች። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።» እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባትየው በደንብ ሰምተዋል። የሰሙት ቃል የተሳሳተ ስለነበረ ነው፣ ቃሉን የሰጠኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

እስቲ አሁን ቃሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የአማርኛ የማሰልቸት ቃላት አንድ የሚያስቅ ጠባይ አላቸው። ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ፣ ወተወተ፣ ጎተጎተ። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ሁለት ፊደል ይመጣል፣ ከዚያ ያው ሁለት ፊደል ተመልሶ ይመጣል። ነ-ዘ፣ ነ-ዘ። ወ-ተ፣ ወ-ተ። ቃሉ ራሱ ይነዘንዛል! ይህ አጋጣሚ አይደለም። አማርኛ ተደጋግሞ የሚሠራን ሥራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ፊደል በመድገም ይገልጻል፦ ነቀነቀ፣ ወዘወዘ፣ ቀጠቀጠ፣ ለፈለፈ። ልጆቻችሁ ይህን ካወቁ ብዙ አዲስ ቃል በጆሯቸው ብቻ መገመት ይችላሉ። እቤት ሞክሩት፤ እኛ ክፍል ውስጥ ስናደርገው ሳቁ አያባራም።

ግን አራቱ ቃላት አንድ አይደሉም።

ነዘነዘ የሚባለው ሰው አንድን ነገር ሳይታክት እየደጋገመ ሲጠይቅ ወይም ሲያማርር ነው። «አይፓድ ስጪኝ፣ አይፓድ ስጪኝ» የሚል ልጅ ይነዘንዛል። ቡናው ቀጠነ፣ ቤቱ በረደ የሚል ሽማግሌም ይነዘንዛል። የሚነዘንዘው ሰው ብዙ ጊዜ የቅርብ ሰው ነው፤ ጨጓራችንን ቢልጠውም አይጎዳንም።

ጨቀጨቀ ትንሽ ይከብዳል። ግፊት አለበት። ሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ ተጨቃጨቁ እንላለን፣ ጭቅጭቅ ይሆናል። ጭቅጭቅ ያለበት ቤት ሰላም የለውም።

ወተወተ እና ጎተጎተ ግን ክፉ ቃላት አይደሉም። «እናቴ ወትውታ ወትውታ ትምህርቴን አስጨረሰችኝ» ሲባል ምስጋና ነው። እንዲያውም ዛሬ አገር ቤት ያሉ የመብት ድርጅቶች ባለሥልጣንን ለማሳመን የሚሠሩትን ሥራ «ውትወታ» ይሉታል። አያቶቻችን ለጋብቻና ለዕርቅ ይጠቀሙበት የነበረ ቃል ዛሬ የሪፖርት ርዕስ ሆኗል።

ሌሎች ሁለት ቃላት ደግሞ አሉ፣ ለከፈ እና ተነኮሰ የሚባሉ። እነዚህን ለጊዜው እናቆያቸውና ወደ ታሪኩ እንግባ። ምክንያቱም እኛ ኢትዮጵያውያን ንዝንዝን በቤት ብቻ አይደለም የምናውቀው፤ መንግሥት ደጅ ላይም ሥርዓት አበጅተንለታል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። ዘመኑ የዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ነበር፣ ጉልበቱ ግን በአብዛኛው በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። ብሩስ አገሩ ተመልሶ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ያስመረረውን ነገር ጽፏል። ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ሥር ጠዋት ማታ የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ። ከየአውራጃው ተበደልን ብለው የመጡ፣ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው «ፍትሕ!» የሚል። ይህስ ይሁን። የገረመው ነገር ክረምት ሲገባ የሆነው ነው። ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋ ባለጉዳይ ይቀንሳል፤ ያኔ ክፍያ ተሰጥቷቸው የሚጮኹ ሰዎች ይመጣሉ። ምንም ሳይበደሉ እንደ ተበዳይ ያለቅሳሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ለንጉሡ ክብር ነው፤ ደጁ ጭር ብሎ ብቸኝነት እንዳይሰማው» ይባላል።

ብሩስም ማዕረግ ካገኘ በኋላ ይኸው «ክብር» ደረሰው። ክፍሉ ገብቶ ሥራ ሲጀምር ከመስኮቱ ሥር የሞት ያህል ዋይታ ይነሳል። ደንግጦ ወታደር ልኮ አንዱን ያስመጣል፤ «ማን በደለህ?» ይለዋል። ሰውዬው ተረጋግቶ «ኧረ ማንም፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ብቻህን መሆንህን ሰምተን እንዳይከፋህ ብለን ነው። የምንጠጣው ነገር ብታዝልን ደግሞ የበለጠ እንጮህልሃለን» ይለዋል። አንዳንዴ ጯኺው የራሱ የብሩስ አሽከር ሆኖ ይገኛል።

ይህን ክፍል ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን አሰብኩበት። አንድ መንግሥት ደጁ ላይ ጩኸት መጥፋቱን እንደ ውርደት ከቆጠረ፣ ከጀርባው አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ ማለት ነው። ደጉ ጌታ ደጁ የማይዘጋ፣ አቤት የሚባልበት ጌታ ነው። ጩኸቱ ቢያሰለችም የፍትሕ ምልክት ነበር። ችግሩ ግን ያው ብሩስ ያየው ነው፦ የእውነተኛው ዋይታና የተከፋዩ ዋይታ ድምፃቸው አንድ ሲሆን፣ ሰሚው ጆሮ ይደነዝዛል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው «ደጅ ጥናት» የሚለው ቃል የመጣው። ደጅ መጥናት ማለት በጌታ በር ላይ ጸንቶ መቆየት ነው፤ ሹመት ለመለመን፣ ርስት ለማስመለስ፣ ፍርድ ለማግኘት። ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር፣ አንዳንዴም ወሩ ዓመት ይሆናል። ባለጉዳዩ ስንቁን ይዞ ከገጠር ይመጣል፣ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ ሲገባ እጅ ይነሳል፣ ፊቱ እስኪለመድ ይጠብቃል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ተረት የተወለደው እዚያ ደጅ ላይ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

«አቤቱታ» የሚለውም ቃል የመጣው ከጩኸቱ ነው። «አቤት! አቤት!» ከሚለው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ንጉሡ ራሳቸው በዙፋን ችሎት ተቀምጠው ይግባኝ ይሰሙ ነበር። መኪናቸው በሚያልፍበት መንገድ ዳርም «ጃንሆይ!» እያለ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ የሚቆም ባለጉዳይ አይጠፋም ነበር። የ1931ዱም ሆነ የ1955ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብትን ጽፈውታል። ዘውዱ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ዙፋን ችሎቱ አብሮ ቀረ። ደጅ ጥናት ግን አልቀረም፤ ወደ ቢሮ ኮሪደር ገባ እንጂ። «ነገ ና»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች ለእናንተ መተርጎም አይጠበቅብኝም።

በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዋጅ አንድ ተቋም ተቋቋመ፤ ሌላው ዓለም «ኦምቡድስማን» የሚለው። ስሙን አማርኛ ሲያደርጉት ምን አሉት? «የእንባ ጠባቂ ተቋም»። እኔ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላየሁም። ብሩስ መስኮት ሥር የነበረው እንባ ጠባቂ ተመደበለት ማለት ነው፣ ቢያንስ በስም።

እናንተስ? ብዙዎቻችን እዚህ አገር ስንገባ በቴር አፕል በር አልፈናል። ቁጥር ይዘን ተቀምጠናል፣ ደብዳቤ ጠብቀናል፣ ስልክ ደውለን ሙዚቃ ሰምተናል። ደጅ ጥናት ያለጋቢና ያለበቅሎ ማለት ይኸው ነው። ልጆቻችን ይህን አያውቁትም፤ አንድ ቀን ንገሯቸው።

ደጁ ለመኳንንት ብቻ አልነበረም። የእያንዳንዳችንም ደጅ ተንኳኩቷል። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ላሊበላዎችን ታስታውሳላችሁ። ሐሚና የሚሏቸውም አሉ። ጎህ ሳይቀድ መጥተው በር ላይ በከፍተኛ ድምፅ ያዜማሉ፤ የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት አጣርተው በዜማው ውስጥ ያስገቡታል። ከሰጠ ይመርቁታል። ካልሰጠ እንዲህ በዋዛ አይላቀቁትም። ካላዜሙ በሥጋ ደዌ ይያዛሉ የሚል እምነትም ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። እንግዲህ ንዝንዝን ጥበብ አድርጎ ለትውልድ ያወረሰ ሕዝብ ነን።

አሁን ግን ጨዋታው የሚከብድበት ቦታ ደረስን። ቁራኛን ታውቃላችሁ? በድሮው የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር። እንዲያ ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ፍርዱ እስኪሰጥ ሁለቱም አይላቀቁም። ሥርዓቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» የምንለው ፈሊጥ ግን እስከ ዛሬ አለ። አስቡት፤ የሚያሳድድህ ሰው ከጎንህ ታስሯል። ስትበላ አለ፣ ስትተኛ አለ። መቆሚያ መቀመጫ የለህም።

የሚገርመው እንግሊዝኛውም ከዚሁ ቦታ መነሳቱ ነው። ልጆቻችሁ በዩቲዩብ የሚሰሙት «ፔስተር» የሚለው ቃል ዛሬ ማሰልቸት፣ መነዝነዝ ማለት ነው። ድሮ ግን ከፈረንሳይኛ ሲገባ ትርጉሙ የፈረስን እግር ማሰር ነበር፤ ግጦሽ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ርቆ እንዳይሄድ በገመድ ማገት። የተነዘነዘ ሰው እግሩን እንደታሰረ ፈረስ ነው፣ ወደፈለገበት አይሄድም። እንግሊዞች ሌላም ቃል አላቸው፣ «ባግ» የሚሉት። መጀመሪያ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ «ባግ አታድርገኝ» ማለት «እንደ ትንኝ ጆሮዬ ላይ አትጢዝብኝ» ማለት ሆነ። በድብቅ የሚያዳምጥ ማይክሮፎንም ባግ ነው። ልጆቻችሁ «ጌሙ ባግ አለው» የሚሉት ደግሞ የፕሮግራም ብልሽት ነው። መሐንዲሶች ብልሽትን በዚህ ስም መጥራት የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ግን የሃርቫርድ ማርክ ሁለት ኮምፒውተር ውስጥ እውነተኛ የእሳት ራት ተገኘችና መዝገብ ላይ በፕላስተር ለጠፏት። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ይወዱታል።

ወደ ደች እንመለስ፣ ወደ እኔ ስህተት። «ፔስተን» ከ«ፔስት» የመጣ ነው፤ ፔስት ማለት ወረርሽኝ፣ ቸነፈር ማለት ነው። ይህችን ከተማ በ1663 እና በ1664 እ.ኤ.አ. ክፉኛ የመታት በሽታ ስሙ ይኸው ነው። ሰውን «ፔስተን» ማድረግ እንደ ቸነፈር መሆንበት ነው። እና አሁን ያቆየናትን ቃል አምጡልኝ፦ ለከፈ። ለከፋ ዛሬ መንገድ ላይ ሴት ልጅን በቃል ማስቸገር ነው። ግን ከዚያው ሥር «ልክፍት» የሚል ቃል አለ፤ ዛር የለከፈው፣ ሕመም የለከፈው ሰው ያለበት ሁኔታ። አማርኛም ደችም፣ ሳይነጋገሩ፣ ሰውን የማሳደድን ክፋት በበሽታ ስም ጠሩት። ሁለቱም ያወቁት ነገር አንድ ነው፦ ይህ ነገር ቆዳ ላይ አይቀርም፣ ውስጥ ይገባል።

ነዘነዘ ግን በሽታ የለውም። ነዘነዘ ድካም ብቻ ነው። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

የደች ትምህርት ቤቶች ሁለት ቃል ለይተው ያስተምራሉ፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። «ፕላኸን» አለ፣ «ፔስተን» አለ። ፕላኸን እኩል ለእኩል ነው፤ ዛሬ እኔ አንተን፣ ነገ አንተ እኔን፣ ከዚያ አብረን እንጫወታለን። እኛ «ማብሸቅ» ወይም ቀለል ያለ «መተንኮስ» የምንለው ነው። ፔስተን ግን እኩልነት የለበትም። አንድ ጠንካራ ወይም ብዙ ሆነው፣ አንድን ልጅ፣ በተደጋጋሚ፣ ሆን ብለው ይጎዱታል። ለዚህ የአማርኛው ቃል መነዝነዝ አይደለም። «ማሸማቀቅ» ይቀርበዋል፤ የሚያደርገው ልጅ «ጉልበተኛ» ነው፣ ድርጊቱ «ጉልበተኝነት» ነው። ልጃችሁ «ያሸማቅቁኛል» ካለች፣ ወይም ቃሉ ጠፍቷት «ፔስተን ያደርጉኛል» ካለች፣ ማንኪያውን አስቀምጡና ወንበር ሳቡ።

ደግሞ «ይነዘንዙኛል» ብትልም ጠይቋት። «ምን ይላሉ? ስንት ናቸው? በየቀኑ ነው? ሌላው ልጅ ሲያይ ምን ያደርጋል?» እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያ አባት ቢያውቋቸው ኖሮ፣ የእኔ የተሳሳተ ቃል እንኳ አያሳስታቸውም ነበር። ቃል ይሳሳታል፤ ጥያቄ ግን ያስተካክለዋል።

የዚህን አገር ሕግም እወቁት። ከኦገስት 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተማሪውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ፔስተንን በሚመለከት የትምህርት ቤቱን ሥራ የሚያስተባብርና ወላጅም ተማሪም የሚያናግረው ሰው መመደብ አለበት። ተማሪዎቹ ደኅንነት ይሰማቸው እንደሆነም መከታተል አለበት። ስለዚህ ስትሄዱ «ልጄን ትንሽ ያስቸግሯታል» አትበሉ። እኛ በይሉኝታ ነገሩን እናለሰልሳለን፤ ደቹ ደግሞ ያላችሁትን ብቻ ነው የሚሰማው። «ማይን ኪንት ዎርት ኸፔስት» በሉ። አራት ቃል ነው። ከዚያ የተመደበው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ቀጠሮ ያዙ፣ የተባባላችሁትን በኢሜይል ጽፋችሁ ላኩ። መልስ ካልመጣ ደግማችሁ ጻፉ። ይህ ንዝንዝ አይደለም፤ ውትወታ ነው፣ አያቶቻችሁም በበቅሎ መጥተው ያደረጉት ነው።

ልጁ ለእናንተ መናገር ከከበደው ደግሞ «ኪንደርቴሌፎን» አለ። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆችን ሲያዳምጥ የኖረ አገልግሎት ነው፤ ቁጥሩ 0800-0432 ነው፣ በነጻ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሆላንድ ለልጆች ብቻ የቆመ ኦምቡድስማን አላት። በእኛ ቋንቋ ብንጠራው፣ የልጆች እንባ ጠባቂ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነጥብ ልመለስ። የብሩስ ጆሮ የደነዘዘው ለምን ነበር? የውሸቱና የእውነቱ ጩኸት አንድ ዓይነት ስለነበረ። እኛም ቤት እንዲሁ ነው። ልጅ ቀኑን ሙሉ ስለ አይፓድ፣ ስለ ቺፕስ፣ ስለ ጫማ ይነዘንዛል። እኛም ደክሞን ከሥራ ገብተን «አትነዝንዝ፣ ዝም በል!» እንላለን። መቶ ጊዜ እንላለን፣ መቶ ጊዜም ትክክል ልንሆን እንችላለን። መቶ አንደኛው ላይ ግን ልጁ የመጣው ለአይፓድ አይደለም። ድምፁ ግን ያው ነው፣ ቃሉም ያው ነው። እኛ «ዝም አይነቅዝም» ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ዝምታ አይበላሽም ማለት ነው። ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቃ እረፍቷን የምታሳልፍ ልጅ ዝምታ ግን ይነቅዛል።

የአማርኛ ትምህርት ቤት የከፈትነው ልጆቹ ከአያታቸው ጋር በስልክ እንዲያወሩ ነው እንላለን፣ እውነትም ነው። ከዚህ በኋላ ግን እኔ ሌላም ምክንያት አለኝ። ልጅ የሚያመውን ነገር በእናት በአባቱ ቋንቋ በትክክል መናገር መቻል አለበት። «ለከር» ማለት ጣፋጭ መሆኑን ባያውቅ ምንም አይሆንም፤ «አሸማቀቁኝ» ማለትን ካላወቀ ግን ሁለት ወር ሊያስከፍለው ይችላል።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራው ለእናንተ ነው። እራት ላይ ለእያንዳንዱ ቃል አንዳንድ ምሳሌ ተለዋወጡ፦ «ዛሬ ማን ነዘነዘህ? ማን አበሸቀህ? ማንንስ አበሸቅህ? የተሸማቀቀ ልጅ አይተሃል?» ልጃችሁ እሱ ራሱ ሌላውን እያሸማቀቀ እንደሆነም ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ ያንንም ሳትደነግጡ ስሙት። እናንተም የራሳችሁን ንገሩት፦ ልጅ ሆናችሁ ማን እንዳበሸቃችሁ፣ የማንን ደጅ እንደጠናችሁ።

ልጅቷ አሁን ደህና ናት። ትምህርት ቤቱ ከአባቷ ጋር ተቀምጦ ነገሩን ይዞታል። ባለፈው ቅዳሜ እኔም ሰሌዳው ላይ የድሮውን ጽሑፍ መልሼ ጻፍኩና በልጆቹ ፊት ሰረዝኩት። «መምህርም ይሳሳታል» አልኳቸው። እጇን አወጣችና «እኔ ልጻፈው?» አለች። ጠመኔውን ሰጠኋት። «ፔስተን = ማሸማቀቅ» ብላ ጻፈች፤ «ሸ»ን ትንሽ አጣመመቻት፣ አላረምኳትም።

ቅዳሜ እንገናኝ። ጥያቄ ያለው ወላጅ ከክፍል በፊትም በኋላም በሩ ክፍት ነው፤ ደጅ መጥናት አያስፈልግም።